«ግልጽ ነው» ብዬ ያለፍኩት ገጽ

በስሜ የሚጠራ ቲዎረም አለ። በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩታል፤ በየስብሰባውም «ፕሮፌሰር ሥርጉት፣ እንዴት ደረሱበት?» እያሉ ያደርቁኛል። ፈገግ ብዬ አልፋቸዋለሁ። እውነቱ ግን፣ አባቴ ባይኖሩ ኖሮ ስሜ የሚነሣው ለመሳለቂያ ነበር።

ያኔ ሰባት ዓመት የለፋሁበትን የቲዎረሙን ማረጋገጫ ጨርሼ፣ ውጭ አገር በሚካሄድ ትልቅ ኮንፈረንስ ላቀርበው አራት ቀን ቀርቶኛል። ጠዋት ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ከተማ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ሆኜ ንግግሬን ጮክ ብዬ እለማመዳለሁ። አባቴ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎንደር ውስጥ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ የዜማ ሰው ናቸው፤ ከሂሳብ የሚያውቁት የጾምና የበዓል ቀን ማውጣት ብቻ ነው። ሌላ አድማጭ ስላጣሁ በአማርኛ አነበብኩላቸው።

ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ምነው ልጄ፣ እዚህ ላይ ሮጥሽሳ?»

«አልሮጥኩም አባባ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት።

«አሁንም ሮጥሽ።»

ደሜ ፈላ። «ይኼ እኮ ዜማ አይደለም! ነገሩ ግልጽ ስለሆነ ነው ቶሎ ያለፍኩት» አልኳቸው።

«ሸጋ! ግልጽ ከሆነ ቀስ ብለሽ ንገሪኛ።»

ልነግራቸው ጀምሬ መሃል ላይ ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። ወረቀቱ ላይ «ግልጽ ነው» ብዬ የጻፍኩት ነገር ግልጽ አልነበረም። እስክሪብቶ ይዤ እስከ ምሳ ሰዓት ስታገለው ደግሞ ጭራሽ እውነትም ሆኖ አልተገኘም። እንደዚያው መድረክ ላይ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ አንዱ ተነሥቶ ይጠይቀኝ ነበር፤ ሰባት ዓመቴም ስሜም እዚያው ይቀሩ ነበር።

አለቀስኩ። ከዚያ ለአዘጋጆቹ «ሥራው አልደረሰም» ብዬ ጻፍኩ። ክፍተቱን በሌላ መንገድ ዞሬ እስክሞላው ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ጽሑፉ ሲታተም ከምስጋናው መጀመሪያ ላይ የአባቴ ስም ነበር። አነበብኩላቸውና ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ሂሳቡን ሳያውቁ እንዴት አወቁብኝ?»

«ድምፅሽን አውቀዋለኋ! ልጅ ሳለሽ ከድጓ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ጥጥ እየፈተልሽ ዜማውን ታንጎራጉሪ አልነበር? ያልያዝሽው ቦታ ስትደርሺ ትሮጫለሽ።»

ክው አልኩ። ያን ጊዜ ሴት ልጅ ከተማሪዎቹ ጋር አትቀመጥም ነበር። ተደብቄ የሰረቅኩት ትምህርት ነው እያልኩ፣ ለማንም ሳልናገር አርባ ዓመት ኖሬያለሁ።

«ያውቁ ነበር?»

«ታዲያስ! ከወንዶቹ ጋር ላስቀምጥሽ አልቻልኩም። አንቺ የሳትሽውን ቦታ በማግስቱ ለእነሱ ጮክ ብዬ እደግመው ነበር። አንድ ቀን ተማሪዎቼ እነ ህሩይ ‹የኔታ፣ ይህንንማ ይዘነዋል› ብለው አጉረመረሙብኝ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በሕይወቴም ለመጀመሪያ ጊዜ «የኔታ» አልኳቸው።