ድምፅ የሌለው ቁልፍ

ልጅቷ የጆሮ መመርመሪያዋን ተሸክማ የመጣች ዕለት ፋብሪካው በሙሉ ፈገግ አለ። ቀጭን ናት፤ ሣጥኑ ከእሷ ይከብዳል። የጤና ተማሪ ነች፤ ለመመረቂያዋ አንድ አነስተኛ ጥናት ማቅረብ አለባት። እኛ «ዶክተሯ» አልናት። በቀልድ የወጣላት ስም እዚያው ቀረ።

የምንሠራው በርሜል ነው። ቆርቆሮው በመጭመቂያ ማሽን ይመታል፣ ይጠቀለላል፣ ይበየዳል። ከዚያ ክሬኑ አንጠልጥሎ ወደ ቀለም ክፍል ይወስደዋል። አዲስ የገባ ሰው ጆሮውን ይይዛል። የቆየ ሰው አይይዝም።

ሰብስባ አስረዳችን። ማሽኑ አጠገብ የምንሠራውንና ቢሮ የሚቀመጡትን ለየብቻ ትመረምራለች፣ ከዚያ ታነጻጽራለች። መጀመሪያ መጠይቅ አለ፤ ዕድሜ፣ የሥራ ዘመን፣ የጆሮ ሕመም። ቀጥሎ ምርመራው ነው። ማዳመጫውን ጆሯችን ላይ ታደርጋለች፣ ቁልፍ ትጫናለች፣ ድምፅ የሰማ ጣቱን ያነሣል። ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል።

«ስም አልጽፍም» አለች። «እያንዳንዳችሁ ቁጥር ትሆናላችሁ።»

«ድሮስ ምን ነበርን?» አለ በያጁ።

ሰዉ ሳቀ። እኔ ታናሽ ወንድሜን እያየሁ ነበር። እሱ ሌላው ሲስቅ አይቶ ነው የሳቀው።

ወንድሜ አይሰማም። ይህን የምናውቀው እኔና ሚስቱ ነን። ሥራው ከክሬኑ ሥር ነው፤ የወረደውን ሰንሰለት ከበርሜሎቹ ጋር ያያይዛል። ክሬኑ ሊንቀሳቀስ ሲል ደወል ይደወላል፣ ሰው ዞር ይላል። እሱ ዞር የሚለው ሌላው ዞር ሲል አይቶ ነው። በቅርቡ ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ በርሜሎቹ በአናቱ ላይ መጡ። በአንገትጌው ጎትቼ አወጣሁት፤ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረጋን። «አዳልጦኝ ነው» አለ ለሰው። ከዚያ በኋላ ክሬኑ ሲንቀሳቀስ የሚበራ ቀይ መብራት ይሰቀልልን ብለን ጠየቅን። ሥራ አስኪያጁ ዶክተሯ ባለችበት ጥናቱን እንጠብቅ አለ። «ደወሉን ሁሉም የሚሰማ ከሆነ መብራቱ ለጌጥ ነው?»

ምርመራው ዕቃ ክፍል ውስጥ ተካሄደ፤ ከዚያ የተሻለ ጸጥ ያለ ቦታ የለንም። ተመርማሪው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ከፊቱ። እኛ በጩኸት ውስጥ ያረጀን ሰዎች የምንነጋገረው በከንፈርና በእጅ ነው። ከአዳራሹ ማዶ ያለ ሰው ሚስቱ መገላገሏን ይነግረኛል፣ እኔም እንኳን ማረልህ እለዋለሁ፤ ቃል ከአፋችን አይወጣም። ዶክተሯ ደግሞ ቁልፉን ስትጫን ቀኝ ትከሻዋ ከፍ ይላል። ማንም እናታልላት ብሎ አልተማከረም። ትከሻ ሲነሣ አየን፣ ጣታችን ተነሣ። ለእኛ መስማት ማለት ይኸው ነው።

ወንድሜ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። «አለፍኩ፣ ወንድምጋሼ» አለኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዶክተሯ ተመልሳ መጣች። ምሳ ሰዓት ነበር፣ ማሽኖቹ ቆመዋል። አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ውጤቱ ግራ አጋባኝ። መጭመቂያው አጠገብ የሚሠራ ሰው ከሒሳብ ሹሙ የበለጠ ይሰማል ይላል። ጩኸት ለጆሮ መድኃኒት ነው ብዬ ልጻፍ?»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«መጀመሪያ መሣሪያው ተበላሽቷል አልኩ። በራሴም በጓደኞቼም ጆሮ ሞከርኩት፣ ደህና ነው። ከዚያ ጆሯቸው የተጎዳ ሰዎች ሥራውን ለቀው ይሆናል፣ ያገኘሁት የቀሩትን ጤነኞች ነው አልኩ። እሱም ቢሆን ውጤቱን ይህን ያህል አያሳምረውም።» ዓይኔን አየችው። «የቀረኝ አንድ ምክንያት ነው።»

ወንድሜ ከማዶ ዳቦውን ይዞ ከንፈሯን እየተከታተለ ነበር። ማኘክ አቁሟል፤ እሷም አየችው።

ፎርማኑ ከበሩ በኩል መጣ። «ማጠቃለያው የታለ? ሥራ አስኪያጁ ነገ ይፈልገዋል። ሁሉም ደህና ሰማ አላልሽም?»

«ጥቂት ሰዎች እደግማለሁ።»

«ምኑን ትደግሚያለሽ? ሰው ደህና ነው ከተባለ ይከፋሻል እንዴ?»

«ካልደገምኩ የምጽፈው የለኝም» አለች። ድምፅዋን አልቀየረችም። መጀመሪያ የጠራችው ወንድሜን ነው፣ ቀጥሎ እኔን።

እኔ ከዕቃ ክፍሉ በር ውጭ አንድ ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ ብዬ ተራዬን ጠበቅኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ወንድሜ ማዳመጫውን አድርጎ ተቀመጠ። ትከሻዋ ተነሣ፤ ጣቱ ተነሣ። እንደገና ተጫነች፤ እንደገና አነሣ። የጎበዝ ተማሪ ፈገግታ ፊቱ ላይ ነበር።

የማዳመጫውን ገመድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከመመርመሪያው ተነቅሎ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ድምፅ የሚሄድበት መንገድ የለም። እሷ ግን ቁልፉን መጫኗን አላቆመችም፣ ወንድሜም ጣቱን ማንሣቱን አላቆመም።

ከዚያ ወረቀቷን ከፍ አድርጋ አፏን ሸፈነች።

«ጋሼ፣ ክሬኑ በእርስዎ ላይ እየመጣ ነው።»

ወንድሜ አንገቱን ነቀነቀ። «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» አለ።

ወረቀቱን አወረደች። ወንድሜ ፊቷን አየ፣ ቀጥሎ ጭኗን፣ ቀጥሎ ገመዱን። ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«እህቴ፣ ልጆች አሉኝ።»

«ስም እንደማልጽፍ ነግሬዎታለሁ።»

«ከክሬኑ ሥር የሚሠራው እኔ ነኝ። አንድ ደንቆሮ ተገኘ ብለሽ ብትጽፊ ማን ነው ብለው የሚጠፋቸው ይመስልሻል?»

«እኔንም የከበደኝ እሱ ነው» አለች፣ እንዲያነብላት ቀስ ብላ። «ጥናቱ ትንሽ ነው። ሰዉ ጥቂት ሲሆን ቁጥርም መልክ ያወጣል። የእርስዎን ብተወው መብራቱ ይቀራል። ብጽፈው እርስዎ ይወጣሉ።»

ገባሁ። ወንድሜ ዞሮ አፈጠጠብኝ።

«አንተ ነህ የነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ ደህና ነው በላት። ታላቄ አይደለህም? አንድ ቃል ናት።»

«አንድ ቃል ብዬ ነገ በርሜል ሥር ላንሣህ?»

«ሥራ ፈት ሆኜ ከምትጦረኝ ይሻላል» አለ። ቀልዱ እሱንም አላሳቀውም።

ፎርማኑ ወደ በሩ ሲመጣ በስንጥቁ አየሁት። የወንድሜ ፊት አመድ መስሏል። ለአንድ ሰው የሚከብደው ነገር ለብዙ ሰው ይቀላል ብዬ አሰብኩ፤ ሌላ ያሰብኩት የለም። ወንድሜን አስነሥቼ ወንበሩን አዞርኩት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው።

«ገመዱን ሰኪና እንዲህ አድርገሽ መርምሪኝ» አልኳት።

«አባባ፣ እንዲህ ከሆነ እኔን አያዩኝም።»

«ለዚህ ነው።»

ተቀመጥኩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ከፊቴ የተላጠ ቀለምና አንድ የዛገ ሚስማር ነበር። ጡረታዬ ቀርቧል፣ ግን አልደረሰም። ጆሮዬ እንደ ድሮው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለሥራ ግን ይበቃኛል ብዬ ነበር። አንዴ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የመጣ የመሰለ ነገር ሰማሁ፣ ጣቴን አነሣሁ። ከዚያ ምንም የለም። ገመዱን እያስተካከለች ይሆናል አልኩ። ሚስማሩን እያየሁ ጠበቅኩ። ጣቴ ጭኔ ላይ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች። ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ይህች ልጅ ምነው ዘገየች አልኩ።

ትከሻዬን ነካችኝ። ዞርኩ።

«ጀመርሽ?»

ከንፈሯን አነበብኩ። «ጨርሻለሁ፣ አባባ።»

ወንድሜ ከጎኗ ቆሞ ነበር። ስንት ጊዜ እንደተጫነች እሱ አይቷል። ማዳመጫውን ከእጄ ሲቀበለኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

ወጥቼ ሰዎቹን ሰበሰብኩ። ወንበሩ መዞሩን፣ እኔም መውደቄን ነገርኳቸው።

«አንተ ወደ ጡረታህ ነህ» አለ በያጁ። «እኛን ልታስባርረን ነው?»

«አንድ ሰው ብቻ ከተገኘ ይባረራል። ሁላችንም ከተገኘን በርሜሉን ማን ይሠራላቸዋል? ሥራ አስኪያጁ ራሱ ይጠቅልል?»

ማንም አልሳቀም። መጭመቂያው ላይ የሚሠራው ጎረምሳ ወለሉን ማየት ጀመረ። በያጁ ጓንቱን አውልቆ ታፋው ላይ መታው።

«እንደ እውነቱ ሚስቴ ካልነካችኝ አልሰማትም» አለ በመጨረሻ። «ሐሳብ ይዞኝ ነው እላት ነበር፤ አሁን ምክንያቴን ልትወስዱብኝ ነው።» እንዲህ ብሎ ወደ ዕቃ ክፍሉ አመራ።

ሌሎቹም ተከተሉት። ፎርማኑ ከኋላችን ይጮህ ነበር መሰለኝ፤ ማንም አልዞረም።

ወንበሩን ማንም ወደ ቦታው አልመለሰውም። ወንድሜ መጨረሻ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ወንበሩን አየው፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ጀርባውን ለዶክተሯ ሰጥቶ ተቀመጠ፣ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ምርመራው እስኪያልቅ ጣቱ አልተነሣችም።

ማጠቃለያው ላይ ምን እንደተጻፈ አላነበብኩም። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ወደ አዳራሹ ወረደ፣ ፊታችንን አንድ በአንድ እያየ አለፈ። የሚፈልገውን አንድ ሰው አጣው። ለብዙ ቀን አኩርፎ ነበር። ከዚያ የመብራት ሠራተኛ መሰላል ይዞ መጣ።

መብራቷ ትንሽ ናት፣ ብርሃኗም ደካማ ነው። ወንድሜ ስለዚያ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። መብራቷ ስትበራ ቀና ብሎ ያያታል፣ ዞር ይላል። እኔም አይቼ ዞር እላለሁ።