«ታገሺ» የሚለው ብሎግ

መድና ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ስለ ትዳር ብሎግ ትጽፋለች። ሁልጊዜ ያው ስም፣ ያው ፈገግታ ያለው ፎቶ፣ ያው ምክር ነው፦ «እህቴ፣ ታገሺ።» አንባቢ የሚያምነው በአንድ ቃሉ የሚጸናን ሰው ነው ብላ ስለምታስብ፣ ባሏ በሽር ትቷት ሃውቶርን የሚባል ሌላ ሰፈር ሲገባ እንኳ ምክሯን አልለወጠችም።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ወጣት ሱቁ ገብታ አቀፈቻት።

«ኸውላ እባላለሁ፤ የምትጽፊውን ሁሉ አነባለሁ። ከባሌ ልወጣ ሻንጣዬን ፓክ አድርጌ ነበር፤ ያንቺን ሳነብ ተውኩት» አለቻት።

ቀሚስ ልትለካ እጅጌዋን ስትሰበስብ ክንዷ በልዞ ታየ። መድና ክው አለች።

«እኔኮ ባል የለኝም» አለቻት። «ከተለያየን ዓመት አልፎናል።»

ኸውላ ቀሚሱን አስቀመጠች። «ታዲያ እኔን ለምን ታገሺ አልሽኝ?» ብላ ወጣች። መድና ተከትላት ብትሮጥም መኪናዋን አስነስታ ሄዳለች።

የዚያኑ ዕለት መድና ብሎጓ ላይ እውነቱን ጻፈች፤ «ኸውላ፣ ቤቴ ነይ» ብላም ስልክ ቁጥሯን አስቀመጠች። ብዙዎች «አታለልሽን» ብለው ሰደቧት። እሷ ስድቡን አንድ በአንድ የምታነበው ከመሃሉ የኸውላን ስም ፍለጋ ነው። እስካሁን አላገኘችውም።