የልጄ ባል ስፖኪዮውን ያዞረበት ቀን

ወዳጄ፣ አረፍ በይና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከልጅሽ ባል ጋር ብቻሽን መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ? ታውቂ ይሆናል፤ በእናንተ ዘንድ ምንም አይደለም። በእኛ በአውስትራሊያ መሃል በምንኖር በአራንዳዎች ዘንድ ግን አማት የልጇን ባል አታየውም፣ እሱም አያያትም። አይነጋገሩም። ስሙን እንኳ አልጠራም፤ ስለዚህ እዚህም በልጄ ስም የሮዚና ባል እለዋለሁ። ጠብ እንዳይመስልሽ፤ ክብር ነው። እሱ ሱቅ ውስጥ ካለ እኔ ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን እኔ ፊት ስቀመጥ እሱ በሩ ጋ ይቀመጣል። አንዱ ፓስተራችን አዲስ የመጣ ጊዜ፣ "ቴክላ፣ ይሄ ነገር ከወንጌል ጋር ይሄዳል?" ብሎ ጠየቀኝ። "ፓስተር፣ እግዚአብሔር ሰው ሲከባበር አይቶ ተቆጥቶ ያውቃል?" አልኩት። ሳቀና ተወው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተራሮቹ ጀርባ ለቱሪስት አዲስ መንገድ ሊወጣ ነው ተባለ። መንገድ አልጠላም፤ የገዛ ልጆቼም የአያቶቻቸውን አገር ለማየት ሲሄዱ መኪናቸው ድንጋይ ላይ ይሰበርባቸዋል። ግን መንገዱ ሲታሰብ የተጠየቁት ወንዶቹ ብቻ ነበሩ። ወንዶቹ የራሳቸውን የተከበሩ ቦታዎች አሳዩ፣ መንገዱም እነዚያን ዞረ። ከአንድ ሸንተረር ማዶ ያለውን ግን አላነሱም። እንዴት ያነሳሉ? የሴቶች ነው። የነሱ ያልሆነውን ነገር አፋቸው ላይ አያደርጉትም። ዝም አሉ። ጠያቂዎቹም ዝምታውን "ምንም የለም" ብለው ወሰዱት፣ ችካልም ተተከለ።

ይህን ያየው የሮዚና ባል ነው። የጠፋ ፈረስ ሲፈልግ ደርሶበት ማታ ለሚስቱ ሲነግራት፣ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የነገራት፤ እንድሰማው።

"ችካሉ እናቴ በልጅነቴ 'ከዚህ አትለፍ' ያለችኝን ሸንተረር አልፎ ሄዷል። ግሬደሩ ነገ እዚያ ይደርሳል።"

እዚያ ምን እንዳለ የምናውቅ ሴቶች ጥቂት ነን። ታላቅ እህቴ በብርዱ ወራት አርፋለች፤ የሞተ ሰው ስም በእኛ ዘንድ አይነሳምና ስሟን አልጠራም። ሌሎቹ አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ኩላሊታቸውን ይታጠባሉ፣ ከማሽኑ ርቀው መሄድ አይችሉም። የቀረሁት እኔ ነኝ። ግሬደር ደግሞ አንዴ ካለፈ አለፈ ነው፤ ድንጋይ ተቆርጦ አይሰፋም።

"ጠዋት እንሄዳለን" አልኳት ሮዚናን። እሷ እንደ ሁልጊዜው በመሃላችን ትቀመጣለች፤ እኔ የምለውን ለእሱ፣ እሱ የሚለውን ለእኔ ታደርሳለች።

ጠዋት ግን ትንሿ ልጇ በትኩሳት እሳት ሆና ነቃች። ነርሷ ልጅቷ ከክሊኒክ አትወጣም አለች፤ ሮዚናም ትታት መሄድ አትችልም።

"እማዬ፣ ይቅርብሽ" አለችኝ ሮዚና። "ስልክ ብንደውልላቸውስ?"

"እዚያ ተራራ ውስጥ ስልክ ድንጋይ ነው።"

"እና ሁለታችሁ ብቻችሁን? ሰው ምን ይላል?"

"ስመለስ ይነግሩኛል። ብርድ ልብስ ስጪኝ።"

ብርድ ልብሱን በቶዮታው ውስጥ፣ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ እንደ መጋረጃ ሰቀልነው። እኔ ከኋላ በጎን ባለው አግዳሚ ላይ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ተቀመጥኩ። የሮዚና ባል ከመግባቱ በፊት የውስጡን ስፖኪዮ ወደ ጣሪያው አዞረው፣ የጎኖቹንም ወደ ውስጥ አጠፋቸው። ሮዚና የመኪናውን በር ይዛ፣ "ያለ ስፖኪዮ?" አለችው። "ከኋላ የሚከተለኝ የለም" አላት።

ውሻችንም ዘሎ ገባ። ቢስኩት ይባላል፤ ጆሮው አንድ ነው፣ ሆዱ ግን የሦስት ውሻ።

ዋናው መንገድ ተራራውን ሁሉ ስለሚዞር ቀኑን ይፈጃል። በወንዙ በኩል ያለውን አሮጌውን መንገድ ደግሞ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ከእናቴ ጋር በእግሬ ሄጄበታለሁ። ታዲያ እንዴት ልንገረው? ገና ከሰፈር ወጣ እንዳልን ከመጋረጃው ወዲያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቢስኩት" አለ። "መንገዱ ሁለት ሆነ። አንዱ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ምዕራብ። አንተ ብትሆን በየት ትሄድ ነበር?"

ውሻው ተኝቷል። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩና፣ "ጌታ ሆይ፣ ወደ ምዕራብ የሚሄዱትን ሁሉ ባርክ" አልኩ።

መኪናው ወደ ምዕራብ ታጠፈ። በዕድሜዬ እንዲህ ፈጥኖ የተመለሰ ጸሎት አላየሁም።

እንዲህ እያልን ሄድን። ጉድጓድ ሲመጣ እጸልያለሁ፣ ገደል ሲመጣ እጸልያለሁ።

"ቢስኩት" አለ በመጨረሻ፣ "የአንዳንድ ሰው ጸሎት ሁሉ 'ቀስ በል' ብቻ ነው።"

"ቢስኩት፣ የኔ ልጅ፣ ያንተን ወገብ አስቤ ነው" አልኩ።

ወንዙ ጋ ደረስን። ውሃ የለውም፤ ሰፊ ነጭ አሸዋ ነው፣ ግራና ቀኙ ትላልቅ ባሕር ዛፍ። አሸዋ ላይ መኪና መቆም የለበትም፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። የሮዚና ባል ማርሽ ቀየረ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ መሃል ደረስን። ልክ በዚህ ጊዜ ዘወር ስል፣ ቢስኩት ለምሳ የያዝኩትን በአመድ የተጠበሰ የካንጋሩ ጭራ ከከረጢቱ አውጥቶ ይግጣል።

"ቁም! ተው! ቁም አልኩህ እኮ!" ብዬ ጮህኩ።

የሮዚና ባል ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠው።

መኪናው ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ እንደ ደከመ ሰው፣ አሸዋው ውስጥ ተቀመጠ።

ሻሼን አስተካከልኩ።

"ቢስኩት" አልኩ፣ "ለምን ቆምን?"

"ቢስኩት" አለ እሱ፣ "ቁም ተባልኩ።"

"ቢስኩት፣ ላንተ ነዋ ያልኩት! አንተ ሌባ!"

ከወዲያ በኩል ድምፅ የለም፤ ብርድ ልብሱ ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀ ነው። እኔም መሳቅ ስለማይገባኝ ሻሼን ነከስኩ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። እሱ ወርዶ ከፊት በአካፋ ቆፈረ፣ እኔ ከኋላ በእጄ። እሱ ወደ ኋላ ሲመጣ እኔ በማዶ ዞሬ ወደ ፊት እሄዳለሁ። ጎማዎቹን አስተነፈሰ። እኔ ቅርንጫፍና ቅርፊት ለቅሜ ጎማ ሥር ከተትኩ። ሞተሩን አስነሳው፤ ጎማው ቅርንጫፉን ሰባብሮ ወደ ታች ገባ። ደግመን ቆፈርን። አሁንም ገባ። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። እዚያ ማዶ ደግሞ፣ ከተራራው በላይ፣ ቀይ አቧራ ይታየኛል። ግሬደሩ ነው።

"ቢስኩት" አለ የሮዚና ባል፣ ድምፁ ደክሞ፣ "ወደ ኋላ ቢሆን ይወጣል። የመጣንበት ጥርጊያ ጠንካራ ነው። ወደ ፊት ግን አሸዋውን ቆንጥጦ እንዲወጣ ጎማው ሥር ሰፊና ወፍራም ነገር ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ የለንም። ወደ ኋላ ከወጣን፣ እንግዲህ በዋናው መንገድ ነው። ማታ እንደርሳለን።"

ማታማ ግሬደሩ አልፏል።

ዞር ብዬ መኪናው ውስጥ አየሁ። ሰፊና ወፍራም ነገር አለን፤ መሃላችን ተሰቅሏል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እጄ ከበደኝ። እናቴ እንዲህ ስሠራ ብታየኝ ምን ትለኝ ነበር? ግን ያን ቦታ ያሳየችኝም እሷው ናት። "ጌታ ሆይ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ "አንድ ሰው አሁን ወደ ባሕር ዛፎቹ ዞሮ ይቁምልኝ።" የእግሩን ድምፅ ሰማሁ፤ ዞሮ ቆመ። ብርድ ልብሱን አውርጄ ሁለት ቦታ ቀደድኩት፣ ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች ፊት ለፊት አንጥፌ እስከ ትከሻዬ ድረስ ወደ ሥር ገፋሁት። ከዚያ ገብቼ ፊቴን ወደ ኋላው መስኮት አደረግኩ፣ ሻሼን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩና፣ "አሜን" አልኩ።

ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ተወዛወዘ፣ የብርድ ልብሱ ቁራጭ በመስኮቱ አጠገብ እንደ ወፍ ሲበር አየሁት፤ ወጣን።

ከዚያ በኋላ ያለ መጋረጃ ሄድን። አንገቱን አንዴ አላዞረም። እኔም የኋላውን መንገድ ብቻ እያየሁ፣ ያለፍነውን ኮረብታ በጎኑ እየለየሁ፣ መንገዱን ለቢስኩት ነገርኩት። ማንም አልቀለደም።

ስንደርስ ግሬደሩ ከሸንተረሩ እግር ሥር ቆሟል። የመንገዱ ፎርማን ትሬቨር የሚባል ጢሙ ቀይ ፈረንጅ ነው፤ ሠራተኞቹን ምሳ ያበላል። ሲያየኝ ባርኔጣውን አወለቀ።

"እማማ፣ ነይ ጥላ ውስጥ ግቢ። ሻይ ልስጥሽ?"

"ሻዩ ይቆየኝ። መንገዱ በዚህ አያልፍም።"

"ለምን?"

"አይነገርም።"

"ምን አለ እዚያ?"

"እሱም አይነገርም።"

ራሱን አከከ። "እማማ፣ አላከብርሽም እንዳትዪኝ። ግን አለቆቼን 'አይነገርም' ብዬ መንገድ ላጥፍ? እኔ የማየው ድንጋይና ሣር ነው።"

"እኔም ቤተ ክርስቲያንን ከውጭ ሳየው ድንጋይና እንጨት ነው።"

"ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልሄድም።"

"ያማ ያስታውቃል" አልኩት። የግሬደሩ ሹፌር ሻዩ ትን አለው።

ትሬቨር ግን አልሳቀም። የሮዚና ባል ከመኪናው ማዶ፣ ጀርባውን ለእኛም ለሸንተረሩም ሰጥቶ ቆሟል። ትሬቨር ወደ እሱ ሄደ።

"ወንድሜ፣ አንተ ንገረኛ። ምን አለ እዚያ?"

"አላውቅም።"

"ካላወቅክ ለምን ይሄን ሁሉ መንገድ መጣህ?"

የሮዚና ባል ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን ከጀርባው ሰማሁት።

"እናቴ እዚህ ሸንተረር ላይ አቁማኝ 'ከዚህ አትለፍ' አለችኝ። ይኸው ሸበትኩ፣ አላለፍኩም። ለምን ብዬም አልጠየቅኩ። ይህችን የሚስቴን እናት ደግሞ ካገባሁ ጀምሮ ፊቷን አላየሁም። ዛሬም አብሬያት መጥቼ አላየሁም። ሂድና መኪናውን እይ። እኔ ዕድሜ ልኬን ካልጠየቅኩ፣ አንተ አንድ ቀን ባትጠይቅ ምን ትሆናለህ?"

ትሬቨር ሄዶ በመስኮቱ አጎንብሶ አየ። ጣሪያ ጣሪያውን የሚያየውን ስፖኪዮ፣ የታጠፉትን የጎን ስፖኪዮዎች፣ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ የቀረውን የብርድ ልብስ ክር አየ።

"በወንዙ ነው የመጣችሁት?" አለ። "እንዲህ ሆናችሁ?"

ባርኔጣውን መልሶ አደረገና ወደኔ መጣ።

"እሺ እማማ። እስከ የት ድረስ ነው የማይነካው?"

"በጣት አላሳይም። በዳሩ እሄዳለሁ። አንተ ከኋላዬ ችካል ትከል፤ ከእግሬ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ አትርገጥ።"

"በዚህ ፀሐይ? ሩቅ ነው እኮ።"

"ፀሐዩን የሠራው ያውቀኛል።"

"አለቆቼንስ ምን ልበላቸው?"

"አንዲት አሮጊት እምቢ አለችኝ በላቸው። ውሸት የለበትም።"

ሄድኩ። ጉልበቴ መጥፎ ነው፤ ድንጋዩ ስለት ነው፣ ሣሩ እሾህ ነው። ትሬቨር ችካሉን ተሸክሞ ይከተለኛል፣ ከሱ ኋላ ግሬደሩ እያጓራ ይመጣል። ፊቴን አላዞርኩም። እናቴ የዘፈነችልኝን በአፌ ውስጥ ዘፈንኩ፣ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑን ዘመርኩ፣ ሁለቱም አልተጣሉም። አንድ ቦታ ላይ ሸንተረሩ ረዥም ጉልበት ያወጣል፤ እሱን መዞር ብዙ ነው።

"እማማ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቆረጥ ብናደርግስ? ትንሽ ናት።"

"ትንሽ ብትሆን ኖሮ እዞራታለሁ?"

ችካሉን እዚያው ተከለ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። አንዴ ተደናቅፌ በእጄ ወደቅኩ፤ ሊያነሳኝ እጁን ሰደደ፣ "እግርህን!" ብዬ ጮህኩ፣ አንድ እግሩን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ፣ ምስኪን። ራሴ ተነሳሁ። ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ አሮጌው መንገድ ጋ እስክገናኝ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ።

መኪናው ቀድሞኝ ደርሷል። ድንጋይ ላይ በጣሳ ሻይ ተቀምጧል፤ የሮዚና ባል ከመኪናው ማዶ ነው።

"ቢስኩት" አልኩ ቀምሼ፣ "ስኳሩ በዝቷል።"

"ቢስኩት" አለ፣ "ለደከመ ሰው እንዲህ ነው።"

ጠጣሁት። የሮዚናም ልጅ ትኩሳቷ ወርዶላት ጠበቀችን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

መንገዱ ዛሬ ይሄዳል፣ ብዙ ሰው ይመጣበታል። ቀጥ ብሎ መጥቶ መጥቶ፣ ለዓይን ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ድንገት ይታጠፋል፣ ሩቅም ይዞራል። ሹፌሮች ይሄን መንገድ የሠራው ሰካራም ነው ይላሉ አሉ። ይበሉ። አንቺ ግን፣ ወዳጄ፣ አንድ ቀን በዚያ ብታልፊ፣ እዚያ ጋ መኪናሽን አታቁሚ፣ ሸንተረሩ ላይም አትውጪ። መንገዱ ሲታጠፍ አብረሽው ታጠፊ፤ እባክሽ።