በከድጃ እጅ

ወጋየሁ ካቶሊክ ነው፤ ጎፋ ውስጥ ስለ ሰባቱ ምሥጢራት ያልተከራከረው ሰው አልነበረም። የስኳር ሰልፍ ላይ እንኳ ይከራከራል። አንድ ቀን «ሰባት ምሥጢር አለን» ሲል የሰማው አብዮት ጠባቂ ቀበሌ ወስዶ፣ ሰባቱን አንድ በአንድ እስኪያስመዘግብ ግማሽ ቀን አስቀምጦታል። ወጋየሁ ስብከት ላይ የዋለ ያህል ደስ ብሎት ወጣ።

የአብዮት በዓል ዕለት ቀበሌው በሙሉ ለሰልፍ ወጣ። ወጋየሁም የመፈክሩን ጨርቅ አንዱን እንጨት ተሸክሞ ሄደ። ግቢው ውስጥ የቀሩት ወሯ ገና ያልገባ ነፍሰ ጡር ሚስቱ አስቴርና ጉልበቷን ስለሚያማት በፈቃድ የቀረችው ጎረቤታቸው እማማ ከድጃ ብቻ ነበሩ።

ሲመለስ ሴት ልጅ ተወልዳለት፣ አንድ ሰዓት ኖራ፣ ሞታ ጠበቀችው። አስቴር ምጡ ሲጠናባት፣ ልጁ የማይተርፍ ከሆነ ውሃ አፍስሳ እንድታጠምቅላት ከድጃን ለምናት፣ ቃሉንም አስጠንታት ነበር። ከድጃም አፍስሳለች።

ጴንጤው ጎረቤቱ ዳኜ ሊያጽናናው መጥቶ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው።

«ሕፃኗ ሳታምን? ያውም በእስላም እጅ? ወጋየሁ፣ ይኼ መታጠብ ነው እንጂ ጥምቀት አይደለም።»

«ውሃው ውሃ፣ ቃሉም ቃሉ ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ላድርግ ብሎ ያጠመቀ ማንም ይሁን ማን፣ ጥምቀት ነው» አለ ወጋየሁ። አሥር ዓመት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያስተማረው ነው። በገዛ ልጁ ሲመጣ ግን ፈራ። ካልተጠመቀች ስሟ የጥምቀት መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ጭራሽ እንዳልነበረች ትሆናለች።

በማግስቱ ጠዋት ቄሳቸው አባ መዝገባቸውን ይዘው መጡና ከድጃን ጠየቋት።

«ውሃው ምን ያህል ነበር?»

«አንድ ጣሳ። ይበርዳታል ብዬ ለብ አደረግሁት።»

«የት አፈሰሱት?»

«አናቷ ላይ፣ ሦስቴ።»

«ምን አሰቡ?»

«ምን አስባለሁ? እናቷ የለመነችኝን፣ እናንተ የምታደርጉትን ላደርግላት ነዋ።»

«ምን ብለው?»

«በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ።»

ዳኜ ቀና አለ። «አጠምቅ*ሃ*ለሁ? ሴት እኮ ናት።»

ወጋየሁ ወደ አባ ዞረ።

«አስቴር ስትነግረኝ ገና አልተወለደችም ነበር» አለች ከድጃ። «ወላሂ፣ አንድ ቃል እንዳላጎድል ብዬ ነው።»

አባ መነጽራቸውን ጠረጉ። «እግዚአብሔር ሰዋስው አያርምም» አሉ። «ጥምቀቱ ጥምቀት ነው። ስም አወጡላት?»

«ማርያም አልኳት። የናንተን ስሞች ብዙም አላውቅ፤ ይቺ ግን የኛም ናት።»

አባ «ማርያም ወጋየሁ» ብለው ጻፉ። «አጥማቂ» የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች አባ፣ አባ፣ አባ እያለ ይወርዳል። ከሥሩ «ከድጃ ዑስማን» ብለው ጨመሩበት።

ወጋየሁ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ የከድጃን ጉልበት ሳመ፤ ያንን ከሰልፍ ያስቀራትን።