የኪዳኔ ፎቅ

«ስርጉት፣ ቁጭ በል እንጂ!» አለ የአባቷ የድሮ ጓደኛ ማህጁብ። አማርኛው እንደ ወትሮው ወንድና ሴት አይለይም።

ስርጉት ግን ከፍራሹ ተነስታ ድንኳኑ በር ላይ ቆማለች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለችም። ድንኳኑ የተተከለው አሶሳ መሀል ባለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ግቢ ነው። ባለቤቱ በትልቁ ሌላ ስም አጽፎበታል፤ የባጃጅ ሾፌሮች ግን በጥበቃው፣ በአባቷ ስም «ኪዳኔ ፎቅ» ይሉታል። ኪዳኔ በሰፈራ ከወሎ መጥቶ ከማህጁብ ጋር መሠረቱን ቆፈረ፤ ተከራይ ሲገባበት ደግሞ በሩን ጠበቀ።

ከልጁ ጋር የተቀያየመውም በዚሁ ፎቅ የተነሳ ነው። በ2013 ከድባጤ የተፈናቀሉ ሰዎች ሲመጡ ያላለቀውን አራተኛ ፎቅ ከፈተላቸው። በዚያው ዓመት ስርጉት ስትወልድ በር ላይ ቆሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላትና ሊመለስ ዞረ።

«ፎቁ ላይ ያሉት ልጆች ብቻቸውን ናቸው» አለ።

«የሰው ልጆች!» ብላ በሩን ዘጋችበት። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገሩም።

አንዲት ሴት «አባቴን! አባቴን!» እያለች ገባች። ስርጉት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማናት?»

«በቀለች ነው» አለ ማህጁብ። «የድባጤው። ፎቅ ላይ ነበር።»

ሴትየዋ ለቅሶዋ እስኪበርድ ስርጉት ወዲያ ወዲህ አለች። ከዚያ ፊቷ ቆመች።

«ስንት ልጅ ነበር እዚያ ላይ፣ ቤቱን ጥሎ የሚጠብቀው?»

«አሥራ ሰባት» አለች በቀለች። «ደረጃው መደገፊያ አልነበረውም። ትንሿ ልጄ ከጫፉ ስትንሸራተት በቀሚሷ ያዛት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫፉ ላይ ተጋድሞ ነበር የሚተኛው። ስምንት ወር ሙሉ።» ዓይኗን ጠረገች። «አንቺ የወለድሽ ለት ለሁላችንም ሻይ አፈላ። 'ሴት ናት' አለን፤ 'ገና አላቀፍኳትም' አለና አለቀሰ።»

ስርጉት ወጣች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች አራተኛ ፎቅ ደረሰች። አሁን ብረት ተበይዶበታል። በብረቱ ላይ አጎንብሳ ወደ ታች አየች። አባቷ ይተኛበት የነበረው ቦታ ስፋቱ አንድ ክንድ አይሞላም።

ስትመለስ በቀለች ከለቀስተኞቹ ኋላ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስርጉት እጇን ይዛ አስነሳቻት።

«እዚያ የእንግዳ ቦታ ነው፣ እህቴ» አለቻት።

ወደ ፍራሹ ወስዳ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ከዚያም የነጠላዋን ግማሽ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት።