የመጠባበቂያ ቲኬት

ሙሉነሽ ስህተቱን ያየችው ሻንጣዎቹ ሁሉ ተዘግተው ኮሪደሩ ላይ ከተደረደሩ በኋላ ነው። ወጥ ቤት ቆማ በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው የአክስቷን ፓስፖርት ይዛ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ የባቡር ፓሶቹን ታመሳክር ነበር። ስም ልክ ነው። የፓስፖርት ቁጥር ልክ ነው። የትውልድ ቀን ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗ ፈጠጠ። ስልኩ 16 ኤፕሪል 1960 ይላል፤ ፓስፖርቱ 8 ኦገስት 1952።

"ወይኔ ጉዴ!" አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ምን ደፋሽ ደግሞ?" እያሉ እትዬ አልታየሽ ከሳሎን ብቅ አሉ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። ዛሬ ከሰፈራቸው ከሰቨን ሲስተርስ ወደ ሙሉነሽ ሰፈር ወደ አርችዌይ የመጡት እዚህ አድረው ነገ በጠዋት ከእነሙሉነሽ ጋር ባቡር ሊሳፈሩ ነው።

ቅዳሜ ሽቱትጋርት ላይ የወንድማቸው የጋሽ ዓባይ ልጅ ሰሎሜ ታገባለች። እህትና ወንድም ከተያዩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ጋሽ ዓባይ፣ "ልጄን ካንቺ በቀር የሚመርቃት የለም" ብለው በስልክ አልቅሰው ለምነዋል። እትዬ አልታየሽ ደግሞ ጆሯቸውን በቅርቡ ስለታከሙ ሐኪሟ አውሮፕላን አያስቡት ብላለች። ስለዚህ በምድር መሄድ ግድ ሆነ። በዚያው ልጆቹም አውሮፓን ይዩ ተባለ፤ ከሠርጉ በኋላ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ከዚያም ወደ ሚላኖ።

ሙሉነሽ ከፋሲካ ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ከሕፃናት መዋያው ወጥ ቤት ስትመለስ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ቲኬትና ፓስ ስታወዳድር ታመሻለች። ለየመንገዱ ቲኬት ቢገዛ ይረክሳል፤ ግን አንዱ ባቡር ካመለጠ የቀረው ሁሉ ገደል ይገባል። ፓሱ በአንድ ወር ውስጥ በመረጡት አራት ቀን፣ በፈለጉት ሰዓት ያሳፍራል። "ብራስልስ ላይ ቢዘገይስ? ሌዊን መንገድ ላይ ቢያስመልሰውስ? የአክስቴ ጆሮ ቢነሳስ?" ስትል የከረመችው ለባሏ ለቤንጃሚን ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነውና የመንገድ ነገር አያስደነግጠውም። አንድ ቀን ታከተውና፣ "በይ ፓሱን ግዢው፤ የሚደርስብንን ክፉ ሁሉ አስበሽ ስለጨረስሽ ለባቡሩ የሚቀርለት ነገር የለም" አላት። ገዛች። ለእሷና ለእሱ የአዋቂ፣ ለአሥራ ስድስት ዓመቷ መቅዲ የወጣት፣ ለአክስቷ የአዛውንት፤ ለትንሹ ልጃቸው ለሌዊ በነፃ። ከባሕር ሥር በሚያልፈው ባቡር ላይም ወንበር ለብቻ አስያዘች።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቃ፣ የተሳሳተችው ስህተት ሊሆን ይችላል ብላ ባልጠረጠረችው ነገር ነው። እትዬ አልታየሽ የተወለዱት ሚያዝያ 8 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። እዚህ አገር ሲገቡ የመዘገባቸው ሰው የነገሩትን እንዳለ ጻፈው። ሚያዝያ ስምንተኛው ወር ነውና ኦገስት ሆነ፤ ዓመቱም ሳይቀየር ቀረ። እንዲህ በአንድ ጀንበር ስምንት ዓመት ያህል አረጁ። ሙሉነሽ ፓሱን ስትሞላ ግን እጇ የጻፈው ቤት ውስጥ በየዓመቱ ኬክ የሚቆረስበትን ቀን፣ ኤፕሪል 16ን ነው።

መቅዲ ነገሩን ሰምታ ከክፍሏ ወጣች። "ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ማንም ቼክ አያደርግም።"

"አንዱ ቢያደርግስ? ስሙን በማናውቀው ጣቢያ ቢያወርዳቸውስ?"

"እማማ አልታየሽን? አይ ፊል ሶሪ ፎር ሂም! ባቡሩ ውስጥ እየጸለዩ ያስለቅሱታል።"

እትዬ አልታየሽ ሳቁ። ሙሉነሽ ግን አልሳቀችም። እሷ ራሷ ወደዚህ አገር ስትመጣ ስሟ ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታ ከሰልፍ ወጥታ፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ታውቃለች። ፓስፖርቱን አንስታ ቀኑን እንደገና አነበበች።

አክስቷ ፊቷን አዩት። ወደ ኮሪደሩ ሄደው ሻንጣቸውን ከፈቱና ከዋይት ሲቲ የገዙትን አዲሱን የሠርግ ጫማ አወጡት።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"እኔ ልቅር፣ ሙሉዬ። በእኔ የተነሳ ልጆቹ መንገድ ላይ አይጉላሉ። ምርቃቱን በስልክ አደርሳለሁ፤ ለጌታ ሩቅ የለም።"

ድምፃቸው ደህና ነበር። ጫማውን ግን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ሙሉነሽ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"መቅዲ፣ ቶሎ በይ፣ ፓሱን ለሸጡልን ደውዪላቸው!"

"እኔን አያናግሩኝም እኮ። የገዛሽው አንቺ ነሽ። ዳታ ምናምን ይላሉ።"

በዚህ ቤት እንግሊዝኛ የሚፈልግ ስልክ የመቅዲ ሥራ ነው። ሙሉነሽ ፊት ለፊት ሲሆን ታወራለች፤ ስልክ ላይ ግን ምላሷ ይተሳሰራል። ጫማውን አየችና ቁጥሩን መታች። ሙዚቃው ረዥም ነበር። በመካከሉ የሚመጣባትን ሁሉ አሰበች፤ አይቻልም ይሏታል፣ አዲስ ግዢ ይሏታል፣ ነገ ደውይ ይሏታል። በመጨረሻ አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት አነሳው። እሷም ቃላቱን እየፈለገች፣ ያልጠየቃትን ሠርግና የጆሮ ሕክምና ሁሉ ጨምራ ነገረችው።

"ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው ትክክለኛው ቀን?" አላት።

ሙሉነሽ አክስቷን አየቻቸው። "ሁለቱም" አለች። "በአንዱ እናታቸው ወለደቻቸው። በሌላው አገራችሁ ተቀበለቻቸው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሁለተኛው ነው።"

ልጁ ሲጽፍ ይሰማታል። 

"ገባኝ" አላት። "ፓሱ ገና ስላልተጀመረ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ። የፓስፖርቱን ፎቶ ብቻ ይላኩልኝ።"

ላከች። ስልኩ ላይ ያለው ቀን ዓይኗ እያየ ተቀየረ። ይኸው ነው? ይህን ያህል ብቻ? ለክርክር ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ደጋግማ አመሰገነችው፤ በመጨረሻ ሳታስበው በአማርኛ፣ "ጌታ ይባርክህ፣ የኔ ልጅ!" ብላ ዘጋችው።

"ይቅር ይበሉኝ፤ እንዲህ ስላስደነገጥኩዎት" አለች ወደ አክስቷ ዞራ። "ያች የማትረባ ቀን!"

"ተይ፣ እሷን አትንኪብኝ" አሉ እትዬ አልታየሽ። "በእሷ ነው መኖሪያ ያገኘሁት። አንቺን ሳስመጣሽም የፈረምኩት በእሷ ነው። አንድ ቀን አመስግኛት አላውቅም እንጂ ውለታዋ አለብኝ።"

"ዌይት!" አለች መቅዲ። "ኦገስት ስምንት ሚላኖ ነን! እዚያ ኬክ እንቆርሳለን።"

"በዓመት ሁለቴ ልታስረጂኝ ነው?"

ሁሉም ሲስቁ የሙሉነሽ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። መቅዲ ቀድማ አነበበችው። "ማሚ… 'የነገ ማታ የአውቶቡስ ጉዞዎ፣ ሁለት መንገደኛ' ይላል። ዋት ኢዝ ዚስ?"

ሙሉነሽ አፈረች። "እንደው ድንገት ባቡሩ ቢቀር ብዬ… ለእኔና ለአክስቴ። እስከ ዛሬ ማታ ድረስ መሰረዝ ይቻላል።"

በዚሁ መሃል በሩ ተከፈተና ቤንጃሚን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ገባ። የመጨረሻዋን ቃል ሰምቷል።

"የምን አውቶቡስ?"

"ለባቡሩ መጠባበቂያ ገዝታለች" አለች መቅዲ።

"ሙሉ፣ ሙት በይኝ! ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ የምነዳው አንሶሽ ነው?"

እትዬ አልታየሽ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ከዚያ ጫማቸውን ወደ ሻንጣው መልሰው ዚፑን እስከ ጫፉ ሳቡት። ሰርዢው ያላት ማንም አልነበረም።

እራት ተበላ፤ ተጸለየ። ሌዊ ከተኛ ቆይቷል፤ ቤንጃሚንና መቅዲም ወደየክፍላቸው ገቡ። ሙሉነሽ ኮሪደሩ ላይ በሻንጣዎቹ መሃል ቆመች። ከሳሎን የአክስቷ ዝማሬ ዝግ ብሎ ይሰማል። የነዚህን ሰዎች ሁሉ እስትንፋስ በአንድ ጣሪያ ሥር መስማቷ ድንገት ገረማት። ያች ግድግዳ የተደገፈች ልጅ ይህን ብትነግሯት አታምንም ነበር።

ስልኳን አውጥታ የአውቶቡሱን ቲኬት ከፈተችና መሰረዣውን ነካች። "እርግጠኛ ነዎት?" አላት። በሕይወቷ እርግጠኛ ሆና የምታውቀው ነገር ጥቂት ነው። እንደገና ነካችው።

"ሙሉዬ፣ በሩን ቆለፍሽው?" አሉ እትዬ አልታየሽ ከሳሎን።

"አሁን እየቆለፍኩ ነው" አለችና ቁልፉን አዞረችው።