የዌልስ ባቡር በዌልስ ከሰል

ክሪስፒን ጡረታ ወጥቶ ከለንደን ወደዚህ የዌልስ ሸለቆአችን የመጣው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሳሙና ማስታወቂያ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። የአሮጌው ባቡር ማኅበራችን ሊቀመንበር ሲፈልግ እጁን ያወጣው እሱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቻችን መሬት መሬት አየን። ስለዚህ ያገኘነው ሊቀመንበር የሚገባን ነው።

እኔ ኤልዊን እባላለሁ። የማዕድን ጉድጓዱ እስኪዘጋ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል ቆፍሬአለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ደሞዝ በእንፋሎት ባቡራችን ላይ እሳት ቆስቋሽ ነኝ።

ያለፉትን ሁለት ዓመታት የምናነደው ከሰል ከካዛክስታን በመርከብ የመጣ ነበር። ነበልባሉ ረጅም፣ ጭሱ ልክ፣ ምንም እንከን አይወጣለትም። ክሪስፒን ግን አፈረበት። አንድ ጎብኚ «ከሰሉ ከየት ነው?» ብሎ ጠይቆት «ከካዛክስታን» ማለት ስለከበደው፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብሎ በስብሰባ ላይ ሲነግረን ሰማሁት። ሰውዬው እንቅልፍ የሚያጣው ለዚህ ነው። ከዚያ ከተራራው ማዶ አንዲት ትንሽ የማዕድን ጉድጓድ አሁንም አንትራሳይት የሚባለውን ከሰል እንደምታወጣ ከአንድ ቦታ አነበበ፤ ማንንም ሳይጠይቅ አንድ መኪና ሙሉ አዘዘ። «የዌልስ ባቡር በዌልስ ከሰል» የሚል ትልቅ ሸራ አሳትሞ ጣቢያው ላይ ሰቀለ፤ ለቅዳሜም ሃምሳ እንግዳ ጠራ።

አንትራሳይት ለቤት ምድጃ ግሩም ነው። ጠንካራ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ ነበልባል ግን የለውም ማለት ይቻላል። ዳገት የሚወጣ ባቡር ደግሞ የሚፈልገው ነበልባል ነው። ከሰል የቆፈረ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የሳሙና ማስታወቂያ ጸሐፊ ግን አያውቅም።

ሐሙስ መኪናው ሲያራግፍ ክሪስፒን በካውያ የተተኮሰ ቱታውን ለብሶ መጣ።

«እንዴት አየኸው፣ ኤልዊን? ያበራል አይደል?»

«በጣም ያበራል።»

«የአባቶቻችሁን ከሰል መልሼ አመጣሁላችሁ።»

«እግዜር ይስጥልን፣ ሊቀመንበር። እርስዎ ባይመጡ ምን ይውጠን ነበር?»

«ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«እርስዎ ጥሩ ነው ካሉ እኔ ማን ነኝ?»

ደስ ብሎት ሄደ። አንዱን አንስቼ በመዳፌ አሸሁት፤ መዳፌ አልጠቆረም። አንትራሳይት እጅ አያቆሽሽም። ከመጋዘኑ ጀርባ ከካዛክስታኑ ከሰል ስምንት ጆንያ ተርፎ ነበር። ማንም እንዳያየው ያን ሁሉ በአሮጌ ሸራ ሸፈንኩት። ሰውዬው ቅዳሜ በሃምሳ እንግዳ ፊት ዳገቱ መሃል ተገትሮ ሲዋረድ ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ አልዋሽም።

የቅዳሜው ነጂ ኢድዋል ነበር። የከተማችንን አውቶቡስ አርባ ዓመት ነድቷል፤ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት ባቡር ሲማር ቆይቶ፣ የነጂነት ፈተናው ያን ቅዳሜ ነበር። በሚቀጥለው ወር ሰባ አምስት ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ በማኅበራችን ደንብ አዲስ ነጂ መሆን የለም። ይህንንም አውቅ ነበር። ፈታኟ ጥፋቱን በከሰሉ ላይ ያደርጋሉ እንጂ ሰውየውን አይጥሉም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የባቡሩ ከሰል መያዣ ውስጥ በቀረው ጥቂት የካዛክስታን አሮጌ ከሰል እሳቱን ለኮስኩ፤ እንደ ልማዳችን አካፋው ላይ የአሳማ ሥጋ ጠበስን። ፈታኟ ሚስ ባክስተር ደብተራቸውን ይዘው ከኋላችን ቆሙ። እኛ ዘንድ ነጂ ከመነሳቱ በፊት እሳት ቆስቋሹን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ የተነገረውን ያምናል፤ ሌላ ምርመራ የለም።

«ከሰሉ እንዴት ነው፣ ወንድሜ?» አለኝ ኢድዋል።

«ያደርሰናል» አልኩት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማይል አደረሰን። ዳገቱ ሲጀምር አሮጌው ከሰል አልቆ አንትራሳይቱን መወርወር ጀመርኩ። እሳቱ ቀይ ሆኖ ተኛ። የእንፋሎት መለኪያው ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ እንፋሎት ሲያጣ ፍሬኑ በራሱ ያዘና ቆምን። ኢድዋል የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። ላቡ በአንገቱ ይወርድ ነበር፤ እኔ አካፋዬን ተደግፌ መለኪያውን አያለሁ።

ክሪስፒን ከመጀመሪያው ፉርጎ ወርዶ ጠጠሩን እየረገጠ መጣ። እንግዶቹ በየመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተዋል።

«ምንድን ነው ችግሩ?» አለ።

ሚስ ባክስተር ወደ ኢድዋል ዞሩ። «ከሰሉን ተመልክተህ ነው የተነሳኸው?»

«እሳት ቆስቋሼ አይቶታል።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ባቡሩን የያዘ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኢድዋል።

ሚስ ባክስተር መውደቁን ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ክሪስፒን ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ «ምን ይደረግ፤ ነጂያችን ሸምግሏል፣ እጁ ከብዷል» አላቸው። አንድ ሁለቱ ከልባቸው አዘኑ። የተዋረደው ክሪስፒን አልነበረም። የሚናገር አፍ ነበረኝ፤ ግን ብናገር የማጋልጠው ራሴን ነበር።

የናፍጣ ባቡር መጥቶ ጎትቶ መለሰን። ከሰዓት በኋላ ኢድዋል ቱታውን ሊያወልቅ መጋዘን ገባ፤ ተከተልኩት።

«ያ ደደብ» አልኩ። «ሳሙና ሻጭ። ከሰልና ድንጋይ መለየት የማይችል...»

«ኤልዊን።»

«እውነቴን ነው። እሱ ነው የጣለህ።»

ከአንትራሳይቱ ክምር አንድ ከሰል አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ቆፍረሃል። ስትነካው ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ሐሙስ ነካኸው?»

ዋሽቼ ልገላገል ፈልጌ ነበር። «ነካሁት» አልኩት።

ቱታውን አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። የራሱን ጃኬት ለብሶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ክሪስፒን አላወቀም» አለኝ። «አንተ ግን ታውቅ ነበር።»